ወንድማቸውን ያሰጠምኩባቸው ሰው

ጋሽ ስንሻው መሞታቸውን የሰማሁት ዳንግላ መናኸሪያ አጠገብ ቆሜ የቅዳሜ ተጓዦቼን ስጭን ነው። ሦስት ሰው ቀርቶብን ሹፌሩ ሙሉቀን ጥሩምባውን ደጋግሞ ይነፋል። ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ድምፅ «ስመኝ ነሽ? የዘንገናው ስንሻው አርፏል። ትናንት ቀበርነው» አለኝና ኔትወርኩ ተቆረጠ። መልሼ ብደውል አልሠራ አለ።

«ማነው?» አለ ሙሉቀን።

«ጋሽ ስንሻው ሞቱ።»

«እኒያ እንጨት የሚያድሉት?»

«አዎ።»

ሞተሩን አጠፋ። ትንሽ ቆየና መልሶ አስነሣው። እሱም ምን ማድረግ እንዳለበት አላወቀም።

እኔ አላለቀስኩም። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አይደለም፣ ጥያቄ ነው። ተቀይመውኝ ነው የሞቱት ወይስ ትተውልኝ? ከአንድ ዓመት በላይ አላናገሩኝም። ጥፋቱ የኔ ነበር። ግማሹ ግን የሳቸው ነው ብዬ አስባለሁ። ይህን ግማሽ ለሰው ላስረዳ ስሞክር ሁልጊዜ መሀል ላይ ይጠፋብኛል። እስቲ ዛሬ ልጻፈውና ይለይለት።

የጉዞው ሥራ የጀመረው በመሰልቸት ነው። አስራ ሁለተኛ ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም፤ ቤት ቁጭ ማለት ደግሞ አልችልም። ቴሌግራም ላይ «ቅዳሜን ውሃ ዳር» የሚል ቻናል ከፈትኩ፣ ሙሉቀን ሚኒባሱን አመጣ፣ መንገድ ክፍት በሆነ ቅዳሜ ሁሉ ከዳንግላና ከእንጅባራ ሰው ሰብስበን ዘንገና ሐይቅ እንወስዳለን። ጊዜ ከተረፈን ጥርባ የሚባለውን ሌላ ሐይቅም አሳይተን እንመልሳለን። የባንክ ሠራተኛ ይመጣል፣ አዲስ ሙሽራ ይመጣል፣ የአዲስ ቅዳም ከሰል ነጋዴ ሳይቀር ሚስቱን ይዞ ይመጣል። ሰው ሐይቅ ዳር ሄዶ ምን እንደሚያገኝ እስካሁን አልገባኝም። ይወርዳል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ቅቅል ድንች ይበላል፣ «ሰላም ነው ግን» ይላል፣ ይወጣል።

ጋሽ ስንሻው የዚያው የዘንገና ሰው ናቸው። ቤታቸው ከሐይቁ አፋፍ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ጥበቃ አይደሉም፤ አስጎብኚም አይደሉም። መጀመሪያ በሄድንበት ቀን መውረጃው ላይ ቆመው አገኘናቸው። ጃንጥላቸውን ከኮታቸው አንገት ኋላ አንጠልጥለው፣ የፕላስቲክ ቦት አድርገው፣ ከኪሳቸው ግብጦ እያወጡ ይቆረጥማሉ። ሐይቁ ድስት ሥር እንደቀረ ውሃ ገደሉ ውስጥ ተቀምጧል፤ ቁልቁለቱ በጭጋግ ርሶ ያንሸራትታል። ተጓዦቹ ለመውረድ ሲጣደፉ መንገዱን ዘጉና ለከሰል ከሚተከለው ከዲከረንስ ዛፍ የቆራረጡትን ጣት የምታህል እንጨት ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ሰጡት።

«ምንድነው ይሄ?» አልኳቸው።

«ስትወጡ ትመልሱልኛላችሁ።»

«ለምን?»

«መውረድማ ድንጋይም ይወርዳል።»

ይኸው ነው። ሌላ ማብራሪያ የላቸውም። ሰው ሲወጣ እንጨቱን እየተቀበሉ በአገውኛ ይቆጥራሉ። እኔ ከአማርኛ ሌላ ስለማላውቅ ቁጥሩ ይሙላ ይጉደል የምለየው ከፊታቸው ነው። ከሞላ እንጨቶቹን በሣር አስረው ለማገዶ ወደ ቤት ይወስዷቸዋል። ካልሞላ ማንም ንቅንቅ አይልም።

አንድ ጊዜ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ጥርሷን ፍቃበት ጥላው ወጣች።

«እንጨቱስ?» አሏት።

«መፋቂያ መስሎኝ ነው ጋሼ። ጣልኩት።»

«ሂጂ ፈልጊው።»

«እኔ እኮ ይኸው ቆሜያለሁ። አልሰጠምኩም።»

«አየሁሽ። እንጨቱስ?»

ወረደች። ጓደኛዋ ሊያግዛት አብሯት ሊወርድ ሲል ለሱም ሌላ እንጨት ሰጡት። ሙሉቀን በሣቅ መሪው ላይ ተደፋ። እኔ ግን ተናደድኩ፤ ጥርባን ሳናይ ቀረን። ማታ ዳንግላ ስገባ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው በሰላም መመለሱን ሳስብ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ከጋሽ ስንሻው ጋር ስሆን ሁልጊዜ እንዲህ ነበርኩ። ልናደድባቸው ወይስ ልስማቸው፣ አንዱንም በቅጡ ሳላደርገው ቀኑ ይመሻል።

ሌላው የሚያናድዱኝ ነገር ስለ ሐይቁ አለማውራታቸው ነው። ሰው ጥልቀቱን ይጠይቃቸዋል። «ገብቼ አላየሁም» ይላሉ። ውስጡ ምን አለ? «ውሃ።» አንድ ቀን ለብቻቸው ያዝኳቸው።

«ጋሼ፣ ሰው የሚመጣው ታሪክ ሊሰማ ነው። አንድ ነገር ይንገሯቸው እንጂ።»

«ምን ልበላቸው?»

«የቆየ ነገር አይጠፋም። እርስዎ እዚሁ ተወልደው።»

«እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ከብት አጠጥቼ፣ እዚሁ አረጀሁ። ይሄን ልንገራቸው?»

«ይሄማ ምን ይስባል።»

«እንግዲያ አንቺ ንገሪያቸው» አሉኝና ግብጦ ዘገኑልኝ።

ነገርኳቸው። የሆነው እንዲህ ነው። ከባሕር ዳር አምስት ወጣቶች መጡ። አንዱ ጋሽ ስንሻው የሰጡትን እንጨት ገና ሳይወርድ ወርውሮ ጣለው። «አባት፣ እኛ ጣና ዳር ነው ያደግነው። ለዚች ኩሬ እንጨት አንይዝም» አለ። ጓደኞቹ ሣቁ። ጋሽ ስንሻው መንገዱ ላይ እንደቆሙ ናቸው፤ አይናገሩም፣ አይለቁም። ልጁ በትከሻው ገፋ አድርጓቸው ሊያልፍ ሲል እኔ ሳላስበው «ወንድማቸው እዚህ ነው የሰጠመው» አልኩ።

ወንድም እንዳላቸው እንኳ አላውቅም ነበር።

ጋሽ ስንሻው ዞረው አዩኝ። በቃ አሁን ሰው ፊት ያዋርዱኛል ብዬ ጠበቅሁ። ጃንጥላቸውን ከአንገታቸው አውርደው መሬት ላይ ተከሉት። «ታናሼ ነው» አሉ ቀስ ብለው። ልጁ እንጨቱን ከሣሩ ውስጥ ፈልጎ አነሣ። «ይቅርታ አባት» አለ።

ስንመለስ ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ ዝም ላሰኛቸው ብዬ ነው። ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ስሙ ይበልጣል ይባላል» አሉኝ።

በቃ ይህን ብቻ። እኔ ከሜዳ አንሥቼ የተናገርኩት እውነት ሆኖ ተገኘ ብዬ ነው የደነገጥኩት። የሰው ቁስል ሳላይ ረገጥኩ አልኩ። አሁን እንጨቱም፣ ዝምታውም፣ ሐይቁን «ውሃ ነው» ብለው መዝጋታቸውም ትርጉም ያገኘ መሰለኝ። እስኪ አሁን ይህን የሰማ ሰው ውሸት ነው ብሎ እንዴት ይጠረጥራል?

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ታሪኩን ሁልጊዜ እናገረው ጀመር። እንጨት የሚጥል ሰው ጠፋ። ሰው ዝም ብሎ ይወርዳል፣ ዝም ብሎ ይወጣል፣ እንጨቱን በሁለት እጁ ይመልሳል። ጋሽ ስንሻውም አይከለክሉኝም፣ አያበረታቱኝም። ታሪኩ ደግሞ እያደገ ሄደ። በጉን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ይበልጣል ገደል ላይ የቀረ በግ ሊያወጣ ሲል አዳለጠው አልኩ። ሹራቡን ያመጡት ግን እሳቸው ናቸው። አንድ ቅዳሜ እኔ ስተርክ ከኋላ ቆመው «ሰማያዊ ሹራብ ለብሶ ነበር» አሉ። ሁለት ሴቶች አለቀሱ።

በኋላ አንድ ቪዲዮ ቀረጽኳቸው። እንጨታቸውን ይዘው ሐይቁን ሲያዩ፣ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ነው። «ወንድሙን ይበልጣልን ዘንገና የወሰደበት ሰው» ብዬ ጽፌ ለቀቅሁት። ሰው ተቀባበለው። ቻናሉ ሰው በሰው ሆነ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሃያ ሰው በሁለት ሚኒባስ ይዤ መውረጃው ላይ ቆሜ እተርካለሁ። ከተጓዦቹ ኋላ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ፀሐይ ያከሰለው ሰው መጥቶ ቆመ። ከየትኛው ሚኒባስ እንደወረደ አላየሁም። በጉ ጋ ደረስኩ። ይበልጣል እግሩ አዳለጠው አልኩ።

«በጉስ?» አለ ሰውየው።

«እ?»

«በጉ ተረፈ?»

«እሱን... አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም? ይበልጣል እኔ ነኝ። በግ እንኳ አልነበረንም።»

መጀመሪያ የሣቀ አለ። ከዚያ ሁሉም ወደ ጋሽ ስንሻው ዞረ። ጋሽ ስንሻው እንጨቶቹን እንደያዙ ናቸው።

«መቼ መጣህ?» አሉት።

«ከሞትኩ ወዲህ ነዋ። ጃዊ ቤቴ ድረስ ጎረቤት ቪዲዮውን አይቶ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣብኝ። ሰው ሚስቴ ፊት በር ላይ ሲያለቅስ እኔ ጓሮ ሰሊጥ አራግፋለሁ። በሕይወት ባለ ሰው ይሟረታል ስንሻው?»

ጋሽ ስንሻው «ልጅቷ ናት» ማለት ይችሉ ነበር፤ እውነትም ነበር። አላሉም። እንጨቶቹን እዚያው መሬት ላይ አስቀመጡና ወደ ቤታቸው ሄዱ። ወንድምየው ተከተላቸው። የዚያን ቀን ማንም አልወረደም።

ይቅርታ ልጠይቅ ብዙ ጊዜ ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ የሺ በር ላይ ቆመው «የለም» ይሉኛል፤ ቦት ጫማቸው ግን በር ላይ ነው፣ ጭቃው እንኳ አልደረቀም። ቅዳሜ መውረጃው ላይ መቆማቸውን ተዉ። ጉዞው ቀጠለ። እንጨት የለም፣ ቆጠራ የለም። ማንም አልሰጠመም። እውነቱን ለመናገር ይሄ ይበልጥ ግራ አጋባኝ። አንድ ሰው እንኳ እግሩን ወለም ቢለው ኖሮ «እንዳሉት ሆነ» እል ነበር። ምንም አልሆነም። ያ ሁሉ እንጨት እንግዲህ ለምን ነበር?

ሞታቸውን የሰማሁ ቀን ተጓዦቹን ከሙሉቀን ጋር ሐይቁ ዳር ተውኳቸውና ነጠላዬን አስተካክዬ ለቅሶ ቤት ገባሁ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው አነስ ብሏል። እትዬ የሺ አጠገብ ተቀመጥኩ። እንደኔ ያለ ችኩል ሰው ለቅሶ ቤት ውስጥ እንኳ መታገስ አይችልም።

«እትዬ፣ ተቀይመውኝ ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ። ስምሽ ሲነሣ ብድግ ይልና ከብቶቹን ሊያይ ይወጣል። አይቶ ይመለሳል። ይሄ ቂም ይሁን ምን ይሁን አንቺ ንገሪኝ።»

«ምንም አላሉም?»

«ስንሻው መቼ ይልና? ደረቱን ታሞ እንኳ ሲያጣጥር 'ደህና ነኝ' ነው የሚለው።»

«እንጨቱን ግን ለምን ነበር የሚያድሉት? ሰው ሰጥሞባቸው ነው?»

«ማን ይሰጥምበታል? እንዲያው ነው። የሠርጋችን ዕለት እንኳ በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ሲቆጥር ነው የዋለው። ሚዜዎቹ ጎትተው ነው ያስገቡት።»

ሊያስቁኝ ነው ብዬ አየኋቸው፤ እንባቸውን እየጠረጉ ነበር። ስለዚህ ልሣቅ አላልኩም። ልቅሶም አልመጣልኝም።

ይሄኔ ከወንዶቹ በኩል ይበልጣል ተነሥቶ መጣ። ከቀብሩ በፊት ደርሷል። ፊቱ ከአምናው ይልቅ ጠቁሯል።

«አንቺ ነሽ የገደልሽኝ» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ ፈለግሁ፣ የለም።

«እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ተነሺ።»

«የት?»

«የሞትኩበትን ቦታ አሳይኝ።»

እትዬ የሺ «ሂጂ፣ ግዴለሽም» አሉኝ። ሄድኩ። ጭጋጉ ገና አልተነሣም፤ የኔ ተጓዦች ታች ፎቶ ሲነሡ ድምፃቸው ይሰማል። መውረጃው ላይ ስንደርስ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«በይ ንገሪኝ። ለእንግዶችሽ እንደምትነግሪው።»

«ጋሼ፣ ይተዉኝ። አፍራለሁ።»

«ሞትኩ ሲባል ከሰው ነው የሰማሁት። አንዴ ከታሪኩ ባለቤት ልስማው።»

ነገርኩት። አመድ የመሰለውን የጠዋት ሰማይ፣ ገደሉ ላይ የቀረውን በግ፣ ሰማያዊ ሹራቡን። ሹራቡ ላይ አስቆመኝ።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«እሳቸው ናቸው ያመጡት።»

«ከቤት ስወጣ የለበስኩት ነው» አለ። «ቀጥይ።»

«ከዚያ እግርዎን አዳለጠዎት። ጋሽ ስንሻው ከዚህ አፋፍ ላይ ሆነው አዩ። 'ይበልጣል፣ ይበልጣል፣ ይበልጣል' ብለው ሦስት ጊዜ ጠሩ። እየሮጡ ቢወርዱም...»

«ቆይ።»

ቆምኩ።

«ማነው የጠራኝ?»

«ጋሽ ስንሻው።»

ረጅም ጊዜ ሐይቁን አየ። ከዚያ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ለአካለ መጠን ሳይደርስ ነው ከቤት የወጣው። ጋሽ ስንሻው የአባታቸውን ማሳ ሙሉ ዲከረንስ ተከሉበት። እሱ ጤፍ እንዝራ አለ፤ ተጣሉ። ታላቁ አንድ በጥፊ አሉት። እሱ ልብሱን እንኳ ሳይዝ ወጣ። «በሩ ላይ ቆሞ ነበር» አለኝ። «ሦስቴ ዞሬ አየሁት። እስከ አስፋልቱ ድረስ ይታየኛል። አፉን አልከፈተም። ቢጠራኝ እመለስ ነበር። አምና ስመጣም ሁለት ቀን አብረን በላን፤ ስለ ዝናብ አወራን። ይሄን ማናችንም አላነሣንም። ስሄድም በሩ ላይ ቆመ።»

«ይቅርታ» አልኩ።

«ይቅርታሽን አይደለም የምፈልገው። ሹራቡን እሱ አመጣው አልሽ። በጉን አንቺ። መጥራቱንስ? ከናንተ ማን ነው ያመጣው?»

በልቤ ሁለት ቅዳሜ ተደባለቀብኝ። በአንደኛው እኔ ነኝ፤ ታሪኩ መጨረሻው ላይ የላላ ስለመሰለኝ ጩኸት ጨመርኩበት። በሌላኛው ሰዎቹ ወርደው እኔና ጋሽ ስንሻው ብቻችንን ቀርተን፣ እሳቸው ግብጦ እየቆረጠሙ «ሦስት ጊዜ ነው የተጠራው፣ አልሰማም» ይሉኛል። ሁለቱንም አያቸዋለሁ። ሁለቱም እኩል ይታዩኛል። አንዱን ሌላው እየሸፈነው እንደሆነ አውቃለሁ፤ የትኛው የትኛውን እንደሆነ ግን አላውቅም።

«እሳቸው ናቸው» ብዬ ብመልስለት ያልቅ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ሰውየው የሚጠብቃት እሷን እንደሆነ ከፊቱ ያስታውቃል። ግን ይህን ሰው ባለፈው የገደልኩት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ያኔም ሳላስብ ነው የተናገርኩት፤ ያኔም ለሰው የሚበጅ መስሎኝ ነው።

«አላስታውስም» አልኩት።

«አታስታውሺም?»

«እውነቴን ነው። እኔ ልሁን እሳቸው ይሁኑ አላውቅም። እንዲያው ላስደስትዎት ብዬ መናገር እችላለሁ። አልፈልግም።»

ይቆጣል ብዬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። አልተቆጣም። ከኪሱ ስልኩን አወጣ።

«ቁጥርሽን ንገሪኝ» አለ። «አሁን ደንግጠሻል። ሰው ሲደነግጥ ይረሳል።»

ነገርኩት። ሳልስቱ እንዳለፈ ወደ ጃዊ ተመለሰ።

አሁን ቅዳሜ ለተጓዦቼ ምንም ታሪክ አልናገርም። ጥልቀቱን ሲጠይቁኝ ገብቼ አላየሁም እላለሁ፤ ይሥቃሉ። ጋሽ ስንሻው ያን ሁሉ ቅዳሜ ዝም ብለው ያስዋሹኝ ለምን እንደሆነ ሳስብ አንድ ቀን ይገባኛል፣ በማግሥቱ ይጠፋብኛል። ተቀይመውኝ ይሙቱ አይሙቱ እስካሁን አላወቅሁም።

ጃዊ ኔትወርክ ሲኖር ይበልጣል ይደውልልኛል። ሰላምታ አያበዛም።

«አስታወስሽ?»

«አላስታወስኩም።»

ከኋላው ከብት ሲጮህ፣ ሰው ሲጠራራ ይሰማኛል። እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ሁለቱን ቅዳሜዎች እንደገና አያቸዋለሁ።

«እሺ» ይለኛል። «አትቸኩይ።»